ወረቀቱ ደህና ነው ይላል፣ ጉልበቷ ግን አብጧል

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ይህን ያህል ጠፍቼ ስለከረምኩ ብታኮርፊም አልፈርድብሽም። ወቀሳውን በአካል ስንገናኝ አድርጊልኝና ወደላክሽው የሚጢ የምርመራ ውጤት ልግባ።

ሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁሙት ሁለቱ የደም ምርመራዎች ደህና ናቸው፦ ኢኤስአር 12፣ ሲአርፒም አልጨመረም። «ታዲያ በሽታው ለቀቃት?» ብለሻል። አለቀቃትም። እንደ እሷ ባለው፣ ጥቂት መገጣጠሚያ ብቻ በሚይዘው የልጆች አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት)፣ ጉልበቷ አብጦ ጠዋት ጠዋት እያነከሰች እንኳ ደሟ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ሲአርፒ የሚባለው ፕሮቲን የሚመረተው ጉበት ውስጥ ነው፤ የአንድ ጉልበት ብግነት ጉበቱን ለመቀስቀስ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ጉልበቷን ዳሶ ያገኘውን እመኚ።

ኢኤስአር ደግሞ ሲበዛ የዋህ ምርመራ ነው። አራት እጅ ደም ደም እንዳይረጋ ከሚያደርግ አንድ እጅ ሲትሬት ጋር ተቀላቅሎ በቀጭን ቱቦ ይቆምና፣ በአንድ ሰዓት ቀይ ሕዋሶቹ ስንት ሚሊሜትር እንደወረዱ ይነበባል። ቱቦው ትንሽ ከዘመመ ወይም ፀሐይ ከመታው ቁጥሩ ያለ አግባብ ይጨምራል፤ ደሙ ሳይሠራ ብዙ ሰዓት ከቆየ ይቀንሳል። ደም ማነስም ከፍ ያደርገዋል፣ ስለዚህ የደም ማነስ የሚታይበትን ሄሞግሎቢኗን አብረሽ እይ። ሲአርፒ ቶሎ ወጥቶ ቶሎ ይወርዳል፤ ኢኤስአር ለመውረድ ሳምንታት ይፈልጋል። ቶንሲል ይዟት ከሆነ ሁለቱም ስለሚጨምሩ እስኪሻላት ጠብቀሽ አስደግሚው።

ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሆስፒታል ያገኘሻት እናት፣ ልጇ በየቀኑ የሚያተኩሰውና ሽፍታ የሚወጣበት፣ «ኢኤስአሩ ከ90 ወደ 20 ወረደ» ብላ ተደስታለች ያልሽኝ። ትኩሳቱ ሳይለቀው ኢኤስአር በድንገት ከወረደ የምሥራች አይደለም! ቀይ ሕዋሶቹን አጣብቆ የሚያወርዳቸው ፋይብሪኖጅን የተባለው የደም ፕሮቲን እያለቀ ሊሆን ይችላል። ፌሪቲኑ (ብረት የሚያከማቸው ፕሮቲን) ከ684 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በላይ ሆኖ ደም የሚያረጋው ፕላትሌቱም ወደ 181 ሺህና ከዚያ በታች ከወረደ፣ የደም ስቡ ትራይግሊሰራይድና የጉበት ኢንዛይሙ ኤኤስቲም ካሻቀቡ፣ ሕይወት የሚያሰጋ የመከላከያ ሕዋሶች ቁጣ ተነሥቷል ማለት ነው። ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ትውሰደው። ደውይላት።

ሚጢን በተመለከተ አንድ መስመር ዘለሽ አልፈሻል፦ ኤኤንኤ ፖዘቲቭ፤ የገዛ ሕዋሶቿን አስኳል የሚያነጣጥር ፀረ እንግዳ አካል ደሟ ውስጥ ተገኝቷል ማለት ነው። በአራት ዓመቷ ይህ ያላት ልጅ ዓይኗ ውስጥ ብግነት ሊነሣ ይችላል፤ አይቀላም፣ አያማትም፣ ሲአርፒም አይናገርም። በየሦስት ወሩ የዓይን ሐኪም ዓይኗን ስሊት ላምፕ በሚባለው አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ ይይላት፣ ጉልበቷ ቢሻላትም እንኳ።

ሳሚልኝ።

ያንቺው