ለደንበኞቻችን፦ ተርባይኑ ተጠግኖ መብራቱ ለምን ዘገየ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

የኃይል ማመንጫችንን ጎርፍ ከመታው ወዲህ በስልክ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው። «ማሽኑ ተጠግኗል ብላችኋል፤ ታዲያ መብራቱ የታለ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በሁለት ደቂቃ ስልክ ስለማያልቅ በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ወደድን።

ማሽኑ በእርግጥ ደህና ነው። ጄኔሬተሩ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ስላደረ ብዙዎቻችሁ አለቀለት ብላችሁ ነበር። ጄኔሬተርን የሚያቃጥለው ግን መስጠሙ ሳይሆን ሳይደርቅ ማስነሳቱ ነው። ስለዚህ ተፈታ፣ ደለሉ ታጠበ፣ ጥቅል ሽቦው በዝግታ በሙቀት ደረቀ። የኢንሱሌሽኑ (ኤሌክትሪክ ከሽቦው እንዳያመልጥ የሚከላከለው ሽፋን) ልኬት ከፍ ብሎ እስኪረጋ ድረስም ተጠበቀ። ኩሽኔታዎቹን ቀይረናል። ደቃቅ አሸዋ የገባበት ኩሽኔታ ለጊዜው ቢሽከረከርም ዕድሜ የለውም። የመቆጣጠሪያ ፓናሉም አዲስ ነው፤ አሁን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተሰቅሏል።

የቀረው ግድቡ ነው። ሥራው ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ግድባችን የአፈር ሲሆን መሃሉ ላይ የኮንክሪት ማስተንፈሻ፣ ማለትም ትርፍ ውሃ የሚወጣበት መንገድ፣ አለው። ያን ሌሊት የመጣው ውሃ ከማስተንፈሻው አቅም በላይ ነበር። ግንዱና ቅርንጫፉ ደግሞ አፉን ዘጋው። ውሃው መውጫ ሲያጣ በአፈሩ አናት ላይ ተሻገረ። አፈር ይህን አይችልም። ከጀርባ የሚወርደው ውሃ ግርጌውን ይበላል፣ መሸርሸሩም ወደ ላይ ይወጣል፤ የግድቡ ቀኝ ጎን የተወሰደው በዚህ መንገድ ነው።

«የተወሰደውን አፈር መልሳችሁ ሙሉትና ይብቃ» ያላችሁን አላችሁ። ፈጣን መንገድ ነው፣ ግን አልተቀበልነውም። «በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» ሲባል የሰማ ሰው፣ አንዴ ከመጣ ልጆቹም የማያዩት ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ይደርሳል። ግድብ ደግሞ ለ30 ዓመት ብቻ አይሠራም።

ስለዚህ ማስተንፈሻውን እያሳደግነው ነው። ወደ ጎን ለማስፋት ቦታ የለንም። በምትኩ ውሃው የሚያልፍበትን ከንፈር እንደ አኮርዲዮን እጥፍጥፍ አድርገን እንሠራዋለን። የወንዙ ስፋት ሳይለወጥ ከንፈሩ ይረዝማል፤ ከበፊቱ የበለጠ ውሃም ያሳልፋል። ከላይ በኩል ተንሳፋፊ የግንድ ማገጃ ይዘረጋል። ለእኛ ከኮንክሪቱ እኩል የሚያስፈልግ ነገር ነው።

ጊዜ የሚወስደው አፈሩ ነው። በአንዴ አይደፋም። በስሱ ይነጠፋል፣ እርጥበቱ ይስተካከላል፣ ይጠቀጠቃል፣ ይፈተሻል፤ ከዚያ ቀጣዩ ንጣፍ ይመጣል። ይህ ለይምሰል አይደለም። በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት የነበረው የኤደንቪል ግድብ አነስተኛ ኃይል ማመንጫ ነበረው። የማስተንፈሻው አቅም ጉዳይ ለዓመታት ሲያነታርክ ቆይቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የማመንጨት ፈቃዱ ተሰረዘ። ግድቡ የፈረሰው በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ነው። መርማሪዎቹ ያገኙት ነገር የሚገርም ነው፦ ውሃው አናቱን ገና አልተሻገረም ነበር። በግድቡ ውስጥ ያለው ልል አሸዋ ውሃ ጠግቦ በድንገት ጉልበቱን አጣ። እኛ እያንዳንዱን ንጣፍ ካልፈተሽን አንቀጥልም የምንለው ለዚህ ነው።

ቀን እንድንቆርጥላችሁ ትፈልጋላችሁ። አንቆርጥም። ዝናብ በጣለ ቁጥር የአፈር ሥራ ይቆማል፤ ጭቃ አይጠቀጠቅም። የኮንክሪት ጥንካሬም የሚመዘነው በ28ኛው ቀን ነው፣ ማንም ቢቸኩል። በምትኩ በየወሩ የት እንደደረስን በአጭሩ እንልክላችኋለን። መብራት ባልነበረበት ጊዜ ቋሚ ወርሃዊ ክፍያ አይታሰብም።

ሥራው ሲያልቅም ኃይሉ በአንድ ቀን ሙሉ አይሆንም። ውሃው ደረጃ በደረጃ ይሞላል፤ በየደረጃው ቆመን ስርገት (በግድቡ ውስጥ ሾልኮ የሚያልፍ ውሃ) መኖር አለመኖሩን እናያለን። በእነዚያ ሳምንታት መብራቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። የመሙላቱን መጀመሪያ ቀን አስቀድመን በጽሑፍ መልእክት እናሳውቃለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙከራው አለቀ እስክንላችሁ ድረስ ፍሪጅ፣ የውሃ ፓምፕና ወፍጮ ከሶኬት ነቅላችሁ አቆዩ። አምፖል ማብራትና ስልክ ቻርጅ ማድረግ ግን ትችላላችሁ። ከግድቡ በታች የምትኖሩ ደግሞ በሙከራው ወቅት የማስጠንቀቂያ ሳይረን ትሰማላችሁ፤ የሚነፋበትን ሰዓት ከመልእክቱ ጋር እንልካለን። ከዚያ ሰዓት ውጪ ከሰማችሁ ሙከራ አይደለምና ከወንዙ ዳር ወዲያው ውጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኃይል ማመንጫው ሠራተኞች