ተማሪዎቹ ፕሮግራማቸውን በሊኑክስም ይሞክሩት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ተቀምጬ ለነጋዴዎች የሒሳብ ፕሮግራም እሠራለሁ። ይህን የምጽፈው ፕሮግራሚንግ ለሚያስተምሩ መምህራን እንዲደርስልኝ ነው።

ባለፈው ሰኔ ኮምቦልቻ ለሚገኝ አንድ የእህል መጋዘን ወርሃዊ ሪፖርት የሚያወጣ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠራሁ። የእኔ ኮምፒውተር የሚሠራው በዊንዶውስ ነው፤ የእነሱ ሰርቨር (ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ዋና ኮምፒውተር) ደግሞ ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓተ ክወና። የፋይሉን አድራሻ በእጄ «ሪፖርት\ሐምሌ» እያልኩ ጻፍኩት፤ «ሪፖርት» ፎልደሩ፣ «ሐምሌ» ፋይሉ መሆኑ ነው፤ እኔ ዘንድ ያለ እንከን ሠራ። ጥቅምት ላይ የሒሳብ ሠራተኛዋ ደወለች፦ «ወንድሜ፣ ፎልደሩ ውስጥ እኮ ምንም የለም!»

በማግስቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ደረስኩ። ፋይሎቹ አልጠፉም። ከፎልደሩ ውጭ ተደርድረው አገኘኋቸው፦ «ሪፖርት\ሐምሌ»፣ «ሪፖርት\ነሐሴ»፣ «ሪፖርት\መስከረም»። ጭረቷ የስማቸው አካል ሆናለች። ሊኑክስ ፎልደርን የሚለየው በ«/» ነው፤ «\»ን እንደ ማንኛውም ፊደል ስም ውስጥ ያስገባታል። ስለዚህ ስህተት አለ ብሎ አልተናገረም። እኔን ያስደነገጠኝ ግን መጠባበቂያ ቅጂው ነው። በየሌሊቱ የሚገለበጠው ያ ፎልደር ብቻ ስለነበር፣ ሦስት ወር ሙሉ የተገለበጠው ባዶ ነው። ዲስኩ በዚያ መካከል ቢበላሽ የሰው ሒሳብ ይዤ እጠፋ ነበር።

የልዩነቱ ምንጭ የቆየ ነው። ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የማይክሮሶፍት ሥርዓት፣ ኤምኤስ ዶስ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፎልደር አልነበረውም፤ «/»ንም ለትእዛዝ አማራጮች ይጠቀምባት ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው እትም ፎልደር ሲያመጣ «/» ተይዛ ስለነበር «\» ተመረጠች፤ ዊንዶውስም ወረሳት።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የፎልደሩንና የፋይሉን ስም ለየብቻ ሰጥቶ መገጣጠሙን ለቋንቋው መተው። ፓይተን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚሁ ፓዝሊብ የሚባል መሣሪያ አለው። ሆኖም ዘንድሮ ለልምምድ እኔ ዘንድ የመጡት ሁለት ተማሪዎች ስሙን ሰምተው አያውቁም። ደብተራቸው ላይ ያለው የመምህራቸው ኮምፒውተር አድራሻ ነው፣ ከነ«\»ው፣ ከነመምህሩ የመግቢያ ስም። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ የተሰጣቸውን ነው የገለበጡት።

መምህራን ሆይ፣ አንድ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ብቻ ስጧቸው፤ ያንኑ ፕሮግራም በዊንዶውስም በሊኑክስም ያስኪዱትና ፎልደሩን ከፍተው ይዩት። ሊኑክስ ነጻ ነው፤ ከፍላሽም ይነሣል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚጠራኝ ካለ ፍላሹን ይዤ እመጣለሁ።

የፕሮግራም ባለሙያ፣ ከደሴ