ዘይቱን አትቀንሱ፣ መርፌውን አስተካክሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሱሉልታ ሜዳ ሞዴል አውሮፕላን ስለሚያበሩ ወጣቶች ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር። በውስጡ ያለው አንድ ምክር ግን እንዲሁ ከታለፈ የስንቱን ሞተር ይበላል። ክንፍና ጭራ ላይ የሚረጨውን ዘይት ለማስቀረት ነዳጁ ውስጥ ያለውን ዘይት በግማሽ መቀነስ ይበቃል ተብሏል። አይበቃም፤ ሞተሩን ይገድለዋል እንጂ።

ወጣቶቹ የሚጠቀሙባቸው አብዛኞቹ የግሎ ሞተሮች (ነዳጁን በጋለ ሽቦ የሚያቀጣጥሉ ትንንሽ ሞተሮች) ባለ ሁለት ምት ናቸው። እንደ መኪና ለብቻው የሚቀመጥ የሞተር ዘይት የላቸውም። ኩሽኔታውን፣ ቢዬላውንና ፒስተኑን የሚያለሰልሰው የነዳጁ ዋና ክፍል ከሆነው አልኮል፣ ከሜታኖሉ ጋር የተቀላቀለው ዘይት ብቻ ነው፤ መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 22 በመቶ ነው። ይህ ዘይት በአመዛኙ ሳይቃጠል በማርሚታው ይወጣል። 300 ሚሊ ሊትር ነዳጅ 20 በመቶ ዘይት ካለው፣ ሰልባትዮው ባዶ እስኪሆን ወደ 60 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ዘይት ወጣ ማለት ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በዚህ ሞተር አብርሮ አውሮፕላኑ ደረቅ ሆኖ ያረፈለት ሰው ካለ፣ መደንገጥ ያለበት እሱ ነው።

መታየት ያለበት የዘይቱ ብዛትና ቀለም ነው። ጥርት ያለ ወይም ማር የመሰለ ከሆነ ጤነኛ ነው። ግራጫ ወይም ጥቁር ከሆነ የተፋቀ ብረት አለበት። አዲስ ሞተር እንደ አዲስ ምጣድ እስኪሟሽ ጥቂት ቢያሳይ አያስፈራም፤ የቆየ ሞተር ካሳየ ግን ቢዬላውና ኩሽኔታው ይፈተሹ። ጥቁሩ ማርሚታው ከሞተሩ በሚጋጠምበት ቦታ ብቻ ከታየ ቡሎኖቹ ላልተው ሁለቱ አልሙኒየሞች እየተፋጩ ነው፤ ጓርኒሲዮኑን ቀይሮ ማጥበቅ ነው። የዝገት መልክ ካለው ኩሽኔታው ዝጓል፤ ሜታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባልና። ብዙ፣ ቀጭንና ውሃ መሰል ሆኖ ከተንጠባጠበ ደግሞ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። በእኛ አካባቢ የሚበዛውም ይኸኛው ነው።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚመጣው መመሪያ መርፌውን (የካርቡራተሩን ነዳጅ መጣኝ ብሎን) ይህን ያህል ዙር ክፈቱ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ያንኑ እዚህ ብትከተሉ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛል፤ ሞተሩ በየሁለት ዙሩ አንዴ እየተኮሰ ይንተባተባል፣ የቀረውን ነዳጅ ከነዘይቱ ይተፋዋል።

የማስተካከያው መንገድ እንዲህ ነው። በመመሪያው ዙር አስነሱ፣ ይሙቅ፣ ከዚያ ሙሉ ነዳጅ ስጡት። ከፕሮፔለሩ ኋላ ቆማችሁ መርፌውን አንድ አንድ ጥርስ (ሲዞር ጠቅ የሚልበትን እርከን) ዝጉ፤ በየጥርሱ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። ድምፁ ከመንተባተብ ወጥቶ ወደ ጥርት ያለ ጩኸት ይለወጣል። ፍጥነቱ ጣሪያ ሲነካ ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ መልሳችሁ ክፈቱ። ይቺን መመለስ አትርሱ፤ ዘይቱ የሚመጣው ከነዳጁ ጋር ስለሆነ መርፌ ያለ ልክ የዘጋ ሰው ዘይትም ነሥቷል፣ ሙቀትም ጨምሯል። ለማረጋገጥ የነዳጁን ጎማ ለአፍታ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ልቀቁ። ፍጥነቱ በትንሹ ከጨመረ ልክ ነው፤ በጣም ከጨመረ አሁንም ነዳጅ በዝቷል፤ ሳይጨምር ከወረደ ክፈቱለት። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ሰማይ ሲያዝም ሞተሩ መድከም የለበትም።

ቀጥሎ ሚኒሞው፣ ማለትም ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበት ዝቅተኛው ፍጥነት ነው። ለ20 ሰከንድ ያህል በሚኒሞ አቆይታችሁ ነዳጅ ስትሰጡት እያሳለና እያጨሰ ከተነሳ የሚኒሞውን መርፌ አንድ ስምንተኛ ዙር ዝጉ፤ ቀጥ ብሎ ከጠፋ በዚያው ልክ ክፈቱ። በመርፌ ፋንታ አየር የምታስገባ ቀዳዳ ያለው ካርቡራተር ግን ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ብሎኑን መዝጋት ነዳጅ ያበዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቀን 6 ሰዓት ላይ ተስተካክሎ ያደረ መርፌ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ብርድ ላይ የጠበቀ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ስለሚል ነዳጁ ያንሰዋልና ከማስነሳታችሁ በፊት አንድ ሁለት ጥርስ ክፈቱ። ሰልባትዮው ከካርቡራተሩ ከፍ ብሎ ከተቀመጠም አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ነዳጁ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። የሰልባትዮው ወገብ ከመርፌው ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ይበል፣ በስፖንጅም ይታቀፍ።

የሚወጣውን ዘይት ከክንፉ ለማራቅ ማርሚታው ጫፍ ላይ የሲሊኮን ጎማ ሰክቶ ወደ ታችና ወደ ኋላ ማዞር ይረዳል። የጎማው ቀዳዳ ከማርሚታው አይጥበብ፤ ጭስ የታፈነበት ሞተር ይግላል።

ነዳጅ ራሳቸው የሚቀምሙ ወጣቶች እንዳሉም ጽፋችኋል። የባጃጅ ወይም የሞተር ብስክሌት ዘይት አይሆንም፤ ከሜታኖል ጋር ስለማይዋሃድ ይለያይና ሞተሩ ያለ ዘይት ይሮጣል። የጉሎ ዘይት ይዋሃዳል፤ በአንዳንድ ዓለም አቀፍ የፍጥነት ውድድሮች የሚታዘዘው ነዳጅም 80 በመቶ ሜታኖልና 20 በመቶ ጉሎ ዘይት ነው። ነገር ግን በየአጥሩ የበቀለውን፣ ለምጣድ ማሟሻ የሚወቀጠውን ጉሎ ማለቴ አይደለም፤ ውሃና ሙጫው የወጣለት፣ የተጣራ መሆን አለበት።

በመጨረሻ ስለ ሜታኖል፦ ጽሑፋችሁ «አልኮል» ብሎ አልፎታል። ጥቂት ጉንጭ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፤ በቆዳም ይገባል፤ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም። ስለዚህ በአረቄ ጠርሙስም ሆነ በውሃ ላስቲክ አይቀመጥ፤ በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ «መርዝ» ተብሎ ተጽፎበት ልጅ በማይደርስበት ይቆለፍበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሱሉልታ