የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ በሦስት ፊደል የተጻፈ ኅዳር

በዓመቱ መጀመሪያ ከወላጆችም ከባልደረቦቼም በተደጋጋሚ የቀረበልኝ ጥያቄ «ልጆቹ ስልክ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ አንሶ ክበቡ ደግሞ ስለ ሃሽታግ ያስተምራቸዋል?» የሚል ነበር። ጥያቄው ከቅን ልቡና የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ ልጆቻችን በየምሽቱ በቲክቶክ የሚያዩት ነገር በምን መንገድ ተመርጦ ከፊታቸው እንደሚደርስ እኛ መምህራን ካላስረዳናቸው ማን ሊያስረዳቸው እንደሚችል አይታየኝም። ስለዚህ የጠዋቱን የሰልፍ ዜናና የግድግዳ ጋዜጣውን ሳናቋርጥ የዓመቱን ዋና ሥራችንን በዚሁ ላይ አድርገናል።

የማክሰኞ ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ስለተካሄዱ ጥቂቱን ብቻ እጠቅሳለሁ። ተማሪዎቹ ሃሽታግ የሚባለው የ# ምልክት በትዊተር ላይ ለርእሰ ጉዳይ መሰብሰቢያነት እንዲያገለግል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2007 ሐሳቡን ያቀረበው ክሪስ መሲና የተባለ ተጠቃሚ እንጂ ኩባንያው ራሱ እንዳልነበረ ተምረዋል። በማኅበራዊ ሚዲያ የወቅቱን መነጋገሪያ የሚመርጠው ትሬንድ የሚባለው ስሌት በጠቅላላው ብዙ ከተጻፈበት ይልቅ በአጭር ጊዜ ውስጥ በድንገት የጨመረውን ጉዳይ እንደሚያስቀድም ሲረዱ ደግሞ፣ ጥቂት ሰዎች ሰዓት ቆርጠው በአንድነት ቢጽፉ ጉዳያቸውን የአገር መነጋገሪያ ሊያስመስሉት እንደሚችሉ ሳልነግራቸው ራሳቸው ደረሱበት። እ.ኤ.አ. በ2014 በናይጄሪያ ቺቦክ ከትምህርት ቤታቸው ስለተጠለፉት 276 ልጃገረዶች የተጀመረው ሃሽታግ ዓለምን ያዳረሰ ቢሆንም፣ ከ10 ዓመት በኋላም ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ እንደነበሩ ባነበብን ዕለት ክፍሉ ለረጅም ጊዜ ጸጥ ብሎ ነበር።

የመጀመሪያው ዘመቻችን አልተሳካም። ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» በሚባለው ዕለት ቆሻሻውን ከማቃጠል ይልቅ ለቅመን ግቢያችንን ለማጽዳት፣ ፎቶግራፎቹንም #ኅዳርሲታጠን በሚል ሃሽታግ ለመለጠፍ ተስማምተን ነበር። ጽዳቱ አምሮ አለቀ። ሃሽታጉ ግን ከሦስት ተከፈለ፤ ገሚሱ «ህዳር»፣ ገሚሱ «ሕዳር»፣ ጥቂቶቹ ብቻ «ኅዳር» ብለው ጽፈው ነበርና። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆነው ድምፅ ለማሽኑ ሦስት የተለያየ ፊደል ነው። በቃላቱ መካከል ክፍት ቦታ የተዉት ተማሪዎች ደግሞ ሃሽታጋቸው ከመጀመሪያው ቃል ላይ ተቋርጦ ቀረ። የደከሙበትን ሥራ ራሳቸውም ፈልገው ሊያገኙት አለመቻላቸው አሳዝኗቸዋል።

በየካቲት ወር ወደ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያደረግነውን ጉዞ ሰፋ አድርጌ ብተርክ አንባብያን ይቅር ይበሉኝ። ከአባላቱ መካከል ስልክ የሌላት፣ ሆኖም ከአንድም ማክሰኞ ቀርታ የማታውቅ፣ በስብሰባም እምብዛም የማትናገር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ጽዳቱ በምን ምክንያት በዚያ ቀን እንደሚደረግ ለማወቅ፣ በ1911 ዓ.ም. ስለተከሰተው የኅዳር በሽታ (የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ) የተጻፈ ነገር ልትፈልግ ከአሮጌው የካርድ ማውጫ ፊት ቆመች። የ«ሀ»ን መሳቢያ ስትስብ ያገኘችው ካርድ የመጽሐፍ ስም አልነበረበትም፤ «ህዳር በሽታ፦ ኅዳር በሽታ የሚለውን ተመልከት» ይል ነበር። ብዙ መሳቢያዎች አልፋ «ኀ» ዘንድ ስትደርስ የምትፈልጋቸው ካርዶች ተሰብስበው ጠበቋት። ካርዱን በሁለት እጇ እንደያዘች ወደ እኔ መጥታ «መምህር፣ እኛ የጎደለን እኮ ይቺ ‹ተመልከት› የምትለዋ ናት» አለችኝ። ለደቂቃ ያህል መልስ አጣሁ። ሃሽታግ በየስልኩ ከመታየቱ አስቀድሞ ሰዎች ተመሳሳዩን ጉዳይ በአንድ ስም ለመሰብሰብ እንዴት እንደደከሙ እኔ በሰሌዳ ላይ ሳስረዳ የሰነበትኩትን፣ እርሷ ከአንድ መሳቢያ ውስጥ አውጥታ አሳየችኝ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ክበቡ በእርሷ የእጅ ጽሑፍ የተዘጋጀ «የተመልከት ደብተር» አለው። ማንኛውም ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት ቃሉ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ ከአማርኛ መምህራን ጋር ተመክሮ በደብተሩ ይሰፍራል፤ ከዚያም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። በግንቦት ወር ለቤተ መጻሕፍታችን መጻሕፍት ለማሰባሰብ #መጽሐፍለትምህርትቤታችን ብለን ስንነሣ፣ መጽሐፍ የሚለው ቃል ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው የሚያውቅ ሁሉ እንደሚገምተው ብዙ ክርክር ነበር። ሃሽታጉ ግን በዚህ ጊዜ አልተበተነም፤ ውጭ አገር ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ሳይቀሩ በዚያው አጻጻፍ ተከትለውን ሁለት ካርቶን ሙሉ መጻሕፍት ገብተዋል።

ይህ ሁሉ የተሠራው አልፎ አልፎ በሚነሣ አንድ ኮምፒውተር፣ ከራሴ ደመወዝ በገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅልና ተማሪዎቹ ባዋጡት የታክሲ ሒሳብ ነው። የበጀት ጥያቄያችን ሁለት ጊዜ ቀርቦ ሁለት ጊዜ «ክበቡ መዝናኛ ነው» በሚል ምክንያት ተመልሷል። ከላይ የተገለጸውን ሥራ መዝናኛ ብሎ መጥራት ተገቢ አይደለም። ለ2018 ዓ.ም. የምንጠይቀው ሁለት የሚሠሩ ኮምፒውተሮችንና በየመንፈቅ ዓመቱ ለአንድ ጉዞ የሚበቃ የትራንስፖርት ወጪ ነው። ደብተሩ በክበቡ ክፍል ስለሚገኝ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት አባላት ማንኛውም ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጥተው እንዲያዩት በአክብሮት እጋብዛለሁ።