ስለ ሰኞ ዓሣና ስላልከፈልሁት ዕዳ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልቀጥል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁን ያጠፋ ሰው ስለ ናፍቆት ሲያወራ ትስቅብኛለህ። ሳቅ፣ መብትህ ነው።

ብዕር ያስነሣኝ አንድ መጽሐፍ ነው። አንቶኒ ቦርዴይን የተባለ የኒውዮርክ ምግብ አብሳይ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 የወጥ ቤቱን ገመና ያወጣበት ነው። ሰው የሚያስታውስለት የሰኞውን ዓሣ ነው፤ ሰኞ የሚቀርብልህ ዓሣ ሐሙስ ታዝዞ ዓርብ የገባ ነውና ተወው ይላል። እኔም ይኸው እዚህ ጎንደር ፒያሳ ዓሣ በበላሁ ቁጥር «ከጣና ዳር ከጎርጎራ የመጣው መቼ ነው?» እያልሁ አስተናጋጆችን አሰለቻለሁ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ሌላውን ከማማቱ በፊት ራሱን ያማል። ሄሮይን ይወስድ እንደነበር ሳይደብቅ ይናገራል፤ እንድታዝንለት ግን ጊዜ አይሰጥህም፣ ወዲያው ያስቅሃል። በወጣትነቱ ፕሮቪንስታውን በሚባል ከተማ ሲሠራ እጁ ይቃጠልና የቃጠሎ ቅባት ይለምናል። ጥብስ ሠሪው በጠባሳ ላይ ጠባሳ የደረበ መዳፉን ያሳየዋል፤ ከዚያም ከእሳቱ ውስጥ የጋለ የብረት ሳህን በባዶ እጁ አውጥቶ ፊቱ ያስቀምጥለታል። «ትዕቢተኛ ነበርሁ» ብሎ ቢጽፍ አላምነውም ነበር። ቅባት ሲለምን ግን አየሁት።

እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። እትዬ ትዝ አሉኝ። ምግብ ቤቴን በከፈትሁበት ቀን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወጥ የሠሩትን ሴት «ሽንኩርቱ በቃው፣ በርበሬው ይግባ» ብዬ አዘዝኋቸው። ቃል ሳይመልሱ ድስቱን በባዶ እጃቸው ከምድጃው አነሡና «እንካ ልጄ፣ አንተው ጨርሰው» አሉኝ። ተቀበልኋ! ቁሌቱም ድስቱም መሬት ላይ። ገና አንድ ደንበኛ አልገባም።

ለአንተ የነገርሁህ «አከራዩ አስወጣኝ» ብዬ ነበር። ውሸት ነው፤ አከራዩ ደግ ሰው ነበሩ። እትዬ በሁለተኛው ወር ምላሴን ሸሽተው ሄዱ፣ ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሽሮ የሰፈሩ ድመት እንኳ አሽትታ ትመለስ ነበር። ያበደርኸኝ 40 ሺህ ብርም በዚያው ቀለጠ። ስልክህን ያላነሣሁት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ስምህን ሳይ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እደፋው ነበር።

አሁን አንድ ሆቴል ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። ዛሬ 5 ሺህ ብር በባንክ ልኬልሃለሁ፤ ቀሪው በየወሩ ይደርስሃል። ለጥምቀት ከመጣህ ምሳ የምንበላው እትዬ ዘንድ ነው፣ አራዳ የራሳቸውን ቤት ከፍተዋል። ይቅር ብለውኛል፤ ወጡን ሲያቀርቡልኝ ግን ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ «ግሏል፣ እንዳትነካው» ሳይሉኝ አይመለሱም።

ያው ወንድምህ፣
ከጎንደር