ከስድስት ኪሎ ቁልቁል እስከ ለገሃር፦ ለባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ፤

ጤና ይስጥልኝ። የአራዳ ነዋሪ ነኝ። ከውጭ እንግዳ በመጣ ቁጥር "አንተ ከተማውን ታውቀዋለህ፣ አዙርልን" የምባለው እኔው ነኝ። ደመወዝ የለውም፤ ግን ደስ ይለኛል። የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። መሀል አዲስ አበባን በእግር የሚያስጎበኝ፣ በምልክትና በሰሌዳ የተያያዘ አንድ መንገድ አውጡልን። መነሻው ስድስት ኪሎ፣ መድረሻው ለገሃር ይሁን።

ለምን ከላይ ተነስቶ? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቆላ ወይም ከወደብ ከተማ የመጣን ሰው በመጀመሪያው ቀን "ቸርችልን ሽቅብ እንውጣ" ብትሉት ማዘጋጃ ቤት ሳይደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ ምንም ብታሳዩት አያይም፤ "ራይድ ጥሩልኝ" ነው የሚለው። ያንኑ ሰው ከላይ ወደ ታች ውሰዱት፤ እየሳቀ ለገሃር ይደርሳል።

ዳገት ነውር አይደለም። ሊዝበንን እንውሰድ። ከአትላንቲክ ጠረፍ አጠገብ፣ ታጉስ ወንዝ ዳር ያለች፣ ሰባት ኮረብታ አላት የምትባል ከተማ ናት። ቱሪስት የሚጎርፍላት ዳገቷን ራሱን መስህብ አድርጋው ነው። 28 ቁጥር ትራም በጠባቡ አቀበት እያቃሰተ ሲወጣ ሰው ተሰልፎ ይሳፈርበታል። የታችኛውን ሰፈር ከላይኛው የሚያገናኘው የሳንታ ዡስታ አሳንሰር እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ አለ። ኮረብታዎቹ ላይ ደግሞ ቆም ብለው ከተማውን የሚያዩባቸው ቦታዎች አሉ፤ አግዳሚ ወንበር፣ ቡና የሚሸጥ ኪዮስክ፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1755 የመሬት መንቀጥቀጥ ጣሪያውን ያጣውን የካርሞ ገዳም እንኳ ክፍቱን ትተው ያስጎበኙታል። (እነሱም ኮረብታቸው አናት ላይ ጊዮርጊስ አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን በስሙ የሚጠራ ግንብ ነው እንጂ።) ትራሙና አሳንሰሩ ይቅርብን። ወንበርና ሰሌዳ ግን ያን ያህል በጀት የሚያስጨንቅ አይመስለኝም።

አሁን ወደ እኛው እንምጣ። ከየካቲት 12 ሐውልት እንነሳ። በ1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያው አጠገብ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። ሐውልቱ የቆመው ከዚያ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ ለወረደው ጭፍጨፋ መታሰቢያ ነው። ግቢው ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ሆኗል። የጃንሆይ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይታያል።

እኔ ግን እንግዳ ይዤ ስሄድ መጀመሪያ የማቆመው ደጅ ነው። ሙዚየሙ ፊት የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። እየተጠማዘዘ ይወጣ ይወጣና አየር ላይ ያልቃል። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ እርከን ለፋሺስቶች የሥልጣን ዘመን አንድ አንድ ዓመት ነው። ከድል በኋላ ማንም አላፈረሰውም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ወጥቶ ተቀመጠበት። ትንሽ አንበሳ ነው፤ ቀና ብሎ ያላየ ያልፈዋል። በእኔ እምነት ከተማው ውስጥ እንደዚህ ቁጭ ብሎ የሚሳደብ ሐውልት የለም! ታሪኩን የሚነግረው ሰው አጠገቡ የሌለ ጎብኚ ግን ደረጃ ብቻ አይቶ ይሄዳል። መንገዱ ላይ እንዲቆም የምለምነው ሰሌዳ እንዲህ ያለውን የሚናገር ነው። አራት መስመር ይበቃዋል።

ቁልቁል ሲወርዱ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ድንቅነሽ ማስታወቂያ አያስፈልጋትም። አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27 ሐውልት አለ፤ በ1928 ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት፣ በ1933 ደግሞ ንጉሡ የተመለሱበት ቀን ነው፣ ሁለቱም ሚያዝያ 27። ቅድስት ሥላሴ ጎራ ብሎ የጃንሆይንና የእቴጌ መነንን መቃብር ማየት ይቻላል። ከእንግሊዝ የመጣ ሰው ካለ ለኢትዮጵያ ነፃነት የተሟገተችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስትም እዚያው ማረፏን ንገሩት፤ ይደነቃል።

ወደ ፒያሳ ስንሻገር ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ትንሽ ወርዶ መውጣት አለ፤ ይቻላል። ጊዮርጊስ ደጅ የምኒልክ ሐውልት ቆሟል። ጣሊያን ነቅሎ ቀብሮት ነበር፣ ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ቦታው ተመልሷል። አጠገቡ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ይህን አልክድም። ዶሮ ማነቂያ ግን የለም። የፈረሰው ፈርሷል፤ ቢያንስ የድሮውን ሰፈር ፎቶ እዚያው በነበረበት ቦታ ለጥፉልን። ልጆቻችንም እንደ እንግዳ ሆነው ነው የሚያልፉት።

ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቆሞ ቸርችልን ቁልቁል ማየት ነው ለእኔ የመሀል ከተማው ቁንጮ። መንገዱ ቀጥ ብሎ እስከ ለገሃር ይታያል። እዚያ ላይ ጥላ፣ ወንበር፣ አንድ ቡና የምታፈላ ሴት። ፎቶ ማንሳት የተፈቀደ መሆኑም በግልጽ ይጻፍ። ይህን የምለው ከምሬት ነው፤ ስሙን የማልጠራው ቦታ አንዱ ጥበቃ "አንሱ፣ ችግር የለም" ብሎን፣ ጥቂት እርምጃ ሄደን ሌላው ስልኩን ከእንግዳዬ እጅ ሊቀማ ደረሰ። ጎብኚ እንዲህ ሲደረግ ሁለተኛ አይመጣም። የሚከለከለው የቱ እንደሆነ ሰሌዳው ይንገረን፣ እናከብራለን።

ከዚያ ብሔራዊ ቴአትርን፣ የእደ ጥበብ ሱቆቹን እያዩ መውረድ ነው። መጨረሻው ለገሃር ነው፤ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ የደረሰበት ጣቢያ። ፊት ለፊቱ ያለው አንበሳም ሮም ድረስ ተወስዶ የተመለሰ ነው።

ሰሌዳዎቹ ከመቆማቸው በፊት መንገዱን በእግሩ የሚሞክር ሰው ካስፈለጋችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነፃ ነኝ። ባለሙያ ላኩ፣ ስድስት ኪሎ እንገናኝ። ምቹ ጫማ ያድርግ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአራዳ ነዋሪ