ስም የሌለው መልእክትም ባለቤት አለው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰዎች ስማቸውን ደብቀው ኢንተርኔት ላይ የሚጽፏቸውን የግል መልእክቶች፣ ተመልካች እየነካ ወደሚያነባቸው የእጅ ሥራ ስለሚለውጡ ባለሙያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። እኔም ወረቀት እያጠፍኩና እየቆረጥኩ የምተዳደር ስለሆንኩ፣ ስለ ሥራው ውበት የተባለውን እስማማበታለሁ። ቅር ያለኝ፣ መልእክቱን የጻፈው ሰው ቃሉ የት እንደደረሰ ያውቅ እንደሆነ አለመጠየቁ ነው።

አሜሪካዊው ፍራንክ ዋረን እ.ኤ.አ. በ2004 በዋሽንግተን ዲሲ ለማያውቃቸው ሰዎች ፖስት ካርድ እያደለ፣ ለማንም ያልነገሩትን ምስጢር ጽፈው ለጥበብ ሥራ እንዲልኩለት ጋበዘ። ላኪዎቹ ካርዱን በገዛ እጃቸው አስጊጠው፣ የት እንደሚሄድ እያወቁ ላኩት። የስታትስቲክስ ባለሙያው ማርክ ሃንሰንና አርቲስቱ ቤን ሩቢን ግን «ሊስኒንግ ፖስት» በተባለው ሥራቸው ሰዎች በኢንተርኔት ቻት ሩም የሚጻጻፏቸውን ወሬዎች እየለቀሙ ከ200 በሚበልጡ ትናንሽ ስክሪኖች አሳዩ። ያወሩት ሰዎች ቃላችን ሙዚየም ይገባል ብለው አልነበረም የጻፉት። ይህንንም ሥራ አከብረዋለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ብልጭ ብሎ ስለሚያልፍ ጸሐፊውን የማጋለጥ ዕድሉ ጠባብ ነው።

የእጅ ሥራ ግን ብልጭ ብሎ አያልፍም። ጨርቅ ላይ የተጠለፈን ኑዛዜ ተመልካቹ በስልኩ ያነሳዋል። ቃሉ እንዳለ ከተቀዳ ጎግል ላይ መጻፍ ብቻ ነው የሚቀረው፤ መጀመሪያ ዋናው ገጽ፣ ቀጥሎ የዚያው ሰው ሌሎች ጽሑፎች ሊመጡ ይችላሉ። ስም መሰረዝ ብቻውን እንደማያድን ድሮ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያ የ650 ሺህ ያህል ተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት ፍለጋዎች፣ ስማቸውን በቁጥር ተክቶ ይፋ አደረገ፤ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች ወዲያው አንዲትን ሴት ከፍለጋዎቿ ተነስተው አገኟት።

እኔ ጸሐፊውን ማግኘት ከቻልኩ አስፈቅዳለሁ። ካልቻልኩ ሐሳቡን ይዤ ቃሉን እለውጣለሁ፤ ቦታ፣ ሥራና ቀን የሚጠቁመውን አወጣለሁ። «እውነትነቱ ይጠፋል» የሚሉኝ የሙያ ጓደኞች አሉ። አይመስለኝም። የሰውን ልብ የሚነካው አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሊለው የሚችለው ተራ ነገር ነው፦ ቁጥርህን እስካሁን አላጠፋሁትም፣ ያን ቀን ዞር ብዬ ባይሽ ኖሮ።

እውነትነቱን የሚሸከመው ደግሞ እጅ ነው። ስክሪን ላይ በአውራ ጣት ገፍተነው የምናልፈውን መልእክት፣ የወረቀት ምላስ ስበን ወይም ክር ፈትተን ስናወጣው ፍጥነታችን ይቀንሳል። ልክፈተው ወይስ ልተወው የሚለውም የተመልካቹ ውሳኔ ይሆናል። ለዚህ ወረቀቱ ቃጫዎቹ በተኙበት አቅጣጫ ቢታጠፍ ይሻላል፤ በተቃራኒው ከታጠፈ መታጠፊያው ሊሰነጠቅ ይችላል። (ጎብኚዎች ደግሞ «ቀስ ብለው ይሳቡ» የሚል ጽሑፍ አያነቡም።) ባዶ ካርድና እርሳስ አጠገቡ ከተቀመጠ መልስ የሚጽፉም አይጠፉም። እነዚህንም መልሶች የማሳየው ከካርዱ ጀርባ ላይ ጸሐፊው ራሱ መፍቀዱን ምልክት ካደረገ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጋዜጠኞቻችሁ እንዲህ ያለ ሥራ ሲዘግቡ ሠሪውን ሁለት ነገር ይጠይቁልን፦ ቃሉ እንዳለ የተቀዳ ነው ወይ? ጸሐፊው አይቶት «አንሱልኝ» ቢል ከግድግዳው ይወርዳል ወይ? ፎቶግራፉንም ስታትሙ ጽሑፉ በማይነበብበት በኩል የተነሳውን ብትመርጡ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የወረቀት ሥራ ባለሙያ